ጥርስን ከሰው አካል ለፋቀው የመድን ቢሮ

ለውጭ አገር ተማሪዎች የጤና መድን ድርጅት፣
ለካሳ ጥያቄ ውሳኔ ክፍል ኃላፊ፣
ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። መንጋጋዎ፣ አንገትዎ፣ በተለይም ጥርስዎ ደህና ይሆኑ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ፤ የእርስዎም መድን እንደኛው ከሆነ ከምኞት በቀር የሚደርስልዎ የለምና።

እኔ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ታናሽ ወንድሜ በጥላዎ ሥር ያገኘውን እንክብካቤ እርስዎና እኔ ብቻ ታቅፈነው ብንቀር ነውር ስለሚሆንብን ነው። ወንድሜ የውሃ ምህንድስና ሊማር እኔ ወዳለሁበት ከተማ መጣ። ዩኒቨርሲቲው ያለ እርስዎ መድን ምዝገባ የለም ስላለው የመንገዱ ድካም ሳይለቀው ከቢሮዎ ገብቶ ፈረመ፤ ለእናታችንም ደውሎ ከእንግዲህ ቢታመም እንኳ አሳቢ እንዳለው ነገራት። እናታችን ስምዎን ሳታውቅ መረቀችዎ። ምርቃቱ ካልተነካ ይመልሱልን።

ምስጋናዬንና ቅሬታዬን መለየት ስለቸገረኝ ሁለቱንም በአንድ ተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ጥርስ የሰው አካል አለመሆኑን ስላስተማሩን እናመሰግናለን። የወንድሜ የመንጋጋ ጥርስ ከሥሩ ሲመረቅዝ ደወልንልዎ። የስልክዎን ሙዚቃ በቃላችን እስክናጠናው ከጠበቅን በኋላ ድምጿ ማር የሆነ ሠራተኛዎ መድኑ ጥርስን እንደማይጨምር፣ በአደጋ የተሰበረ ከሆነ ግን ሊታይ እንደሚችል አስረዳችን። ወንድሜ ከደረጃ ላይ ቢወድቅ ይሻለው እንደሆነ በትሕትና ጠየቃት። እሷም ታስቦበት የተወደቀ መውደቅ እንደማይካተት በዚያው ትሕትና መለሰችለት። በእኔ የትምህርት ክፍል የፈረስ ጥርስ እንደ ፈረሱ አካል ይቆጠራል፤ ደግነቱ ፈረስ የእርስዎ ደንበኛ አይደለም።

፪. የግል ጥርስ ሐኪም ቤቱን አቅማችን ስላልቻለው ወንድሜ የሕመም ማስታገሻ እየዋጠ ትምህርቱን ቀጠለ። አንድ ጉንጩ አብጦ ክፍል ፊት ቆሞ ጥናቱን አቀረበ፤ ጓደኞቹም «ጉንጬ» አሉት፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ፣ በደህናው ጉንጩ በኩል። ከዚያ እብጠቱ ወደ አንገቱ ወረደ። ምራቁን መዋጥ አቅቶት ሳህን ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። እኔ የሞተች ላም ሆድ ውስጥ እስከ ክርኔ ገብቼ ምሳዬን የበላሁ ሰው ነኝ፤ ከወንድሜ አፍ የሚወጣው ሽታ ግን አስመለሰኝ። ፊቴን አዙሬ አፌን ጠርጌ በታክሲ ሆስፒታል አደረስኩት።

የድንገተኛ ክፍሉ መዝጋቢ አልጋ ከመስጠቱ በፊት ወደ እርስዎ ዘንድ ደወለ። ሌላ ሠራተኛዎ አንስቶ እብጠቱ ከየት እንደጀመረ ጠየቀ። ከጥርስ መሆኑን ሲሰማ እብጠቱም እንደ ወላጁ እንደ ጥርሱ ነው፣ አይካተትም አለ። ይህን ስትሰማ ተረኛዋ ሐኪም፣ አጠር ያለች ፊቷ የማይፈታ ሴት፣ የወንድሜን አንገት አንዴ አይታ ስልኩን ከመዝጋቢው እጅ ወሰደች።

«ይሄ ልጅ አየር እያጠረው ነው» አለች። «አየርስ ውላችሁ ውስጥ አለ?»

ሠራተኛዎ የበላዩን ጠይቆ እንደሚደውል ቃል ገባ። እሷ አልጠበቀችውም፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥላ አልጋውን ራሷ እየገፋች ይዛው ገባች። አንገቱን ከፍተው መግሉን አወጡ፣ ጥርሱንም ነቀሉት፤ በጉሮሮው ቱቦ አስገቡለት። የሠራተኛዎን ስልክ እስከ ዛሬ እየጠበቅን ነው።

፫. ቱቦው ከጉሮሮው ሳይወጣ የእርስዎ መልእክት ደረሰው። በመጀመሪያው መስመር ምሕረት ተመኙለት፤ በሁለተኛው ደግሞ ከክፍል ስለቀረ ተማሪነቱ አጠራጣሪ መሆኑን፣ ተማሪ ካልሆነም መድኑ እንደሚሰረዝ አሳወቁት። እንደተረዳሁት ደንበኛዎ ሲታመም ክፍል አይገባም፤ ክፍል ካልገባ ተማሪ አይደለም፤ ተማሪ ካልሆነ ቢታመምም ባይታመምም እርስዎን አይመለከትም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የሚለውን ተረት እስከዚያ ቀን ስለ አህያ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንድ መምህር ልንገርዎ። ወንድሜን የሚያስተምሩት፣ አርፍዶ ለሚመጣ በር የማይከፍቱ፣ ሲስቁ ታይተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ወሬውን ሲሰሙ ሆስፒታል መጡ። ደህና ነህ ወይ እንኳ አላሉትም። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በአልጋው ግርጌ ቆመው የዕለቱን ትምህርት አንድም ሳያስቀሩ አስተማሩት። ወንድሜ መናገር ስለማይችል እየጻፈ ጠየቃቸው፤ በአጠገቡ የተኙት ሽማግሌም ውሃ በቱቦ ውስጥ ለምን እንደሚያገሳ ጠይቀው መልስ አገኙ። መምህሩ ሲወጡ «ዛሬ ክፍል ገብተሃል» አሉትና ሄዱ። ወንድሜ ከሆስፒታል እስኪወጣ ድረስ ተመላለሱ፤ ተማሪነቱም ተረፈ። እኔ በዚህ ሁሉ መሐል ያለቀስኩት ያኔ፣ ኮሪደር ላይ ወጥቼ ነው።

፬. ወንድሜ ድኗል። ድምፁ ግን አልተመለሰም፤ ሐኪሞቹ ምናልባት ከጊዜ በኋላ ይላሉ። አሁን ሲናገር ደረቅ እንጨት በመጋዝ የሚቆረጥ ነው የሚመስለው። ቱቦው እንደወጣለት ማንም ሳይነግረው ለእናታችን ደወለ፤ እኔ እንቅፋት ልሆንበት አልፈለግሁም። «እማዬ» አላት። እናታችን ለማታውቀው አዛውንት በሚገባ አክብሮት መለሰችለት።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስልኩን ለልጄ ይስጡልኝ።»

ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ጉንፋን ይዞት ነው ብዬ ዋሸኋት። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ከዚያ ወዲህም አልደወለላትም።

ክቡር ሆይ፣ ጥርሱን አይተክሉለት፣ ስለ ዕዳውም ከሆስፒታሉ ጋር እኛው እንነጋገራለን። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ለእናታችን ይደውሉላትና ያን ቀን «እማዬ» ያላት ልጇ እንደነበረ ይንገሯት። እኔ ሞክሬ አቃተኝ። የእርስዎ ድምፅ ደህና ነው።

ከወንበርዎ ከፍታ ጋር በሚመጣጠን አክብሮት፣ ከዚያም በማያንስ ማቅለሽለሽ፣
ጥርሷን ነክሳ ይህን የጻፈች፣
የደንበኛዎ እህት

ሳልጨምረው የማላልፈው፦ ይህን ልኬ ሳልጨርስ የመድኑ ማደሻ ደረሰን። ከአሁን በኋላ አንገትም «ቀድሞ የነበረ ሕመም» ተብሎ ከውሉ መውጣቱን አንብበናል። ስለዚህ አንገቱን ቀና አድርጎ ቢሄድ በራሱ ኃላፊነት መሆኑን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ሰምቶኛል፤ ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው።