ፎቶው ላይ ክፍት የሆነው በር

ቅመሜ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ካርዷ ትንሽ፣ ወሬዬ ብዙ፤ እንደምንም አጣብቤ ልጻፍልሽ።

የምንሰፋቸውን ሸሚዞች የሚገዛው ድርጅት ሰዎች እዚህ ቢሮአቸው ድረስ ጋበዙኝ። ኃላፊዋ ፋብሪካችንን የጎበኙ ቀን ያነሱትን ፎቶ አሳየችኝ። አንቺ ከማሽንሽ ጀርባ፣ የአደጋ ጊዜ መውጫው ፊት እየሳቅሽ ቆመሻል፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፍቷል! ሳቄ አመለጠኝ። "ምነው?" ስትለኝ፣ "እመቤቴ፣ ይህ በር የሚከፈተው እናንተ ስትመጡ ብቻ ነው። እሳት ቢነሳ ጓደኛዬ በየት ትወጣለች?" አልኳት። ወዲያው ትዕዛዙን ሰርዘው እንጀራችንን የሚዘጉብን መስሎኝ ክው አልኩ።

እሷ ግን እዚያው፣ እኔም እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ፣ ለአለቃችን ደወለች።

"የኋላው በር ክፍት ነው?"

"ሁልጊዜ!"

"እስቲ አሁን በእሱ ይውጡና ያነጋግሩኝ።"

አለቃችን ታዲያ፣ "ቁልፉ እኮ ዘበኛው ጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ምሳ ወጥቷል" አይልም መሰለሽ!

"ሥራውን አንነጥቃችሁም፤ የበሩ መቆለፊያ ግን ዛሬውኑ ይነሳ" አለችው። ወደ እኔ ዞራም፣ "በፎቶ መርካቴ የእኔ ጥፋት ነው። ከእንግዲህ የምጠይቀው እዚያው የሚሠሩትን ነው" አለችኝ። እዚህ የእነሱ በር በክርን ሲነኩት ይከፈታል፤ የእኛም እንዲህ ሊሆን ነው!

እማማንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ቦታ አለቀብኝ። ካርዷ ጠርዝ ላይ ያለው የኃላፊዋ ስልክ ነው። በሩ አሁንም ተቆልፎ ከሆነ ንገሪያት፣ ስምሽን ለማንም አታወጣም። ከተከፈተም ደውዪና አመስግኚልኝ፤ እኔ ወሬኛዋ ያን ሁሉ አውርቼ ሳላመሰግናት ወጣሁ።