አማትሽ ዌብሳይቱን በግማሽ ዋጋ እንዴት እንደገዛች

ይድረስ ከዚያ ሁሉ ርቀት ላይ ሆና እንኳ ጥፍሬን መቁረጥ አለመቁረጤን ለምትጠይቀው እናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያጉረመርመው የቀኝ ትከሻሽስ? ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ውስጥ ቆመሽ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥፊ የሚያብጠው እግርሽስ? አብራሽ የምታድረዋ ሴት ማንኮራፋቷን ተወች ወይስ አሁንም ጣሪያውን ታነሳዋለች? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ጥፍሬን ቆርጫለሁ። ሳቁም እንቅልፉም ሞልቶናል፤ የጎደለችን ቤቱን በአንድ ቁጣ ቀጥ የምታደርገው ሴት ብቻ ናት።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። ያንን አዲሱን የሁለት ዓመት ውል ገና አልፈረምሽም አይደል? ባለፈው ስትደውዪ «እስከ ሰኔ መጨረሻ መልስ ስጪ ብለውኛል» ስትዪ አባዬ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ «እንግዲህ ፈርሚ፣ ምን ይደረጋል» አለሽ። እስክሪብቶውን አስቀምጪ። ይሄን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳታነሺው። በስልክ እንዳልነግርሽ ሁሉም እየነጠቀኝ የራሱን ጀግንነት ሊያወራ ነው፤ ስለዚህ እውነቱን ጽፌ ወደ አንቺ ለምትመጣው ለጎረቤታችን ልጅ ሰጠኋት። ከሰኔ መጨረሻ በፊት እጅሽ ይገባል።

ሱቁ ከዋናው መንገድ ተነስቶ እዚህ ጓሮ መተላለፊያ ውስጥ ከገባ ወዲህ እንዴት እንደነበርን በከፊል ነው የምታውቂው። ፊት ለፊታችን ጎማ ጠጋኝ፣ ጎናችን የቆሻሻ ገንዳ፣ ከላያችን የሰው ሁሉ የታጠበ ካልሲ። የአባዬ ጫማ ደግሞ መንገደኛ አይቶ «ደስ ሲል!» ብሎ የሚገዛው አይደለም። የሚፈልጉት አንድ እግራቸው ከሌላው የሚበልጥባቸው፣ አንዱ የሚያጥርባቸው፣ ፋብሪካ የረሳቸው ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ፈልገው ካጡን ደግሞ አለቀልን። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ በከዘራ እየተደገፉ ሰፈሩን ሲያካልሉ ውለው ላባቸውን እየጠረጉ ገቡና «ምነው ልጆች፣ ከመሬት ሥር ተቀበራችሁ እንዴ? ኢንተርኔት ላይ እንኳ የላችሁም?» አሉ። አባዬ ሳቀ። ሳቁ ግን ጥርሱ ላይ ቀረ፤ በዚያው ሳምንት ለሁለተኛዋ የስፌት መኪና ገዢ ማፈላለግ ጀመረ። አንቺ ልትፈርሚ፣ እሱ ሊሸጥ፣ እኔ ቁጭ ብዬ ላይ? አይሆንም አልኩና «ዌብሳይት እንሥራ» ብዬ ተነሳሁ። ዛሬ ኮድ መጻፍ አያስፈልግም፤ ፎቶውን ጎትቶ እዚህ፣ ጽሑፉን ጎትቶ እዚያ ማድረግ ነው፤ የቤት ዕቃ እንደማስተካከል፣ ያውም ወገብ ሳያምም።

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አጎቴን ታውቂያቸዋለሽ፤ የሰፈሩ የውሃ ኮሚቴ ከፈረሰ ስንት ዘመኑ፣ እሳቸው ግን እስካሁን ከሊቀመንበርነቱ አልወረዱም። ወንበራቸውን ከመቁረጫው ጠረጴዛ ራስጌ አስጠግተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «አጀንዳው ምንድን ነው?» አሉ፤ አጀንዳውን ከበር ጀምሬ ስነግራቸው ነበር የገባነው። ዌብሳይት የሚያሠራው ድርጅት አራት ዓይነት ፓኬጅ አለው፤ ነጻ፣ ጀማሪ፣ ነጋዴ እና ወርቅ ይላቸዋል። «ወርቁ!» አሉ አጎቴ፣ ዋጋውን እንኳ ሳያዩ። «እኛ ከማን አንሰን ነው ጀማሪ የምንባለው? ወንድሜ እኮ ፀጉሩ እስኪሸብት ጫማ የሠራ ሰው ነው!» ወርቁ ምን ምን እንዳለው አነበብኩላቸው፤ የመጋዘን መቆጣጠሪያ አለው፣ ለብዙ ሠራተኞች የየራሳቸው መግቢያ አለው። «ጋሼ፣ መጋዘናችን እኮ አልጋ ሥር ያለው ካርቶን ነው» ብላቸው «አንቺ መርፌ፣ ራእይ የለሽም!» ብለው ገሠጹኝ። ገንዘቡስ ከየት ይምጣ ሲባል ደግሞ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? የስፌት መኪናዋ ትሸጥ።

አባዬ ቀና ብሎ መኪናዋን አያትና «ነጻ እያለ ምን ያነታርከናል?» አለ። እሺ ብዬ በነጻው ሠራሁለት። አድራሻው ከባቡር የረዘመ ሆነ፤ ሰው ጽፎ ሳይጨርሰው ጫማው ያልቃል። እሱስ ይሁን። ገጹን ከፍቼ ለሁሉም ሳሳይ ከአባዬ ጫማ ፎቶ በላይ፣ ከስሙም በላይ፣ የድርጅቱ ማስታወቂያ ተዘርግቷል፤ የፋብሪካ ጫማ፣ ሁለተኛው ጥንድ በግማሽ ዋጋ! አባዬ መነጽሩን አወለቀ፣ በሽርጡ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ማስታወቂያው እዚያው ነው። «በገዛ በሬ ላይ ሰው ቆሞ የሱን ይሸጥብኝ?» አለና ወደ ማስቲሹ ተመለሰ። ነጻው በዚህ ተቀበረ።

ከዚያ የትኛው ፓኬጅ ይሻላል ማለቴን ተውኩና፣ አባዬ ደንበኛ ሲመጣ ምን ያደርጋል ብዬ ማየት ጀመርኩ። ያስቀምጣቸዋል፤ ጫማ ያስወልቃል፤ እግራቸውን ወረቀት ላይ አስረግጦ ዙሪያውን በእርሳስ ይከተላል፤ «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ይላል። በቃ። ከመደርደሪያ አንስቶ የሸጠው ጫማ በሕይወቱ የለም። ታዲያ የነጋዴው ፓኬጅ የሚኮራበት የመግዣ ቅርጫት፣ የቅናሽ ኩፖን፣ ምናምን ምን ያደርግልናል? ለእኛ የሚያስፈልገን አጭር የራሳችን አድራሻ፣ የማንም ማስታወቂያ የማይለጠፍበት ገጽ፣ ጥቂት ፎቶና ሰው የእግሩን ሥዕል ፎቶ አንስቶ የሚልክበት ቅጽ ነው። ይሄ ሁሉ ጀማሪው ውስጥ አለ። አጎቴ አኮረፉ፤ ጫማው ላይ «ጀማሪ» ተብሎ የሚጻፍ ነው የመሰላቸው። ደንበኛ የፓኬጁን ስም አያይም ብዬ ብምልላቸውም «እርግጠኛ ነሽ? እርግጠኛ?» እያሉ እስከ በሩ ሸኙኝ።

አሁን ወጥመዱን ስሚኝ። በየወሩ መክፈል ይቻላል፣ ግን ይወደዳል። የዓመቱን ባንዴ ከከፈልሽ ይረክሳል፤ አጎቴ ይሄን ሲሰሙ «ይኸው! ጨርሰናል!» ብለው ተነሡ። እኔ ግን ከታች በጉንዳን እግር የተጻፈውን አነበብኩ፤ ያ ርካሽ ዋጋ ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጥፍ ይሆንና ሳይጠይቅሽ ራሱ ከሂሳብሽ ይቆርጣል። እኛ ሳናዝዝ ምልክት የተደረገባቸው ተጨማሪ አገልግሎቶችም ነበሩ፤ ሁሉንም አጠፋኋቸው። አጎቴ «አስበውልን ምልክት ያደረጉትን ለምን ታጠፊዋለሽ? ደግሞ ትንሽ ፊደል ማንበብ የጠርጣራ ሰው ሥራ ነው» አሉ። እሳቸው ኮሚቴውን በምን እንደመሩት ያን ጊዜ ገባኝ። ብቻ ይሄን ሁሉ አጥርቼም የዓመቱ ክፍያ ከእጃችን በላይ ሆነ። አባዬ የስፌት መኪናዋን መሸፈኛ አምጥቶ አለበሳት። እንደሚሸጣት አወቅኩ።

ይሄኔ ነው ጥግ ላይ ተቀምጣ ክር በሰም ስትቀባ የነበረችው አማትሽ አፏን የከፈተችው። «ተከራክራችኋል?» አለች። ምኑን አያቴ፣ ማሽን እኮ ነው አልኳት። «ሻጭ ነው?» አለች። አዎ። «ሻጭ ከሆነ ይከራከራል። አስጠጊኝ።» እማዬ፣ እየሳቅሁ አስጠጋኋት። ገጹ ጥግ ላይ ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሮቦት አለ፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እተይባለሁ፣ መልሱን አስተረጉማለሁ። «በምን ልርዳዎት?» አለ። «የማን ልጅ ነህ በይው» አለች። የድርጅቱ አጋዥ ነኝ አለ። «አጋዥ ከሆነ አለቃውን ይጥራ፤ ከተላላኪ ጋር ዋጋ አልነጋገርም።» ዋጋው ገጹ ላይ ተቀምጧል አለ። «አየሁት፤ እሱ የመጀመሪያው ነው፤ የመጨረሻህን ንገረኝ።» ያው ዋጋ። «እግዜር ይይልኝ፣ አሮጊት ላይ!» ይሄንንም ተይቢ አለችኝ፤ ተየብኩት። አጎቴ በሳቅ ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው፣ እኔ ሆዴን ይዣለሁ።

አያቴ አልሳቀችም። «አሁን ዕቃውን ያዢ» አለች። እንዴት? «ስም ሙዪ፣ አድራሻ ሙዪ፣ ገዢ ነሽ። ቦርሳሽን ከፈት አድርጊ። ልክ ልትከፍዪ ስትዪ ዝጊና ውጪ። ወደኋላ አትዪ፤ ራሱ ይጠራሻል።» ማሽን አይጠራም አያቴ፣ ዓይን የለው፣ አፍ የለው ብላት «እሱ ባይኖረው ያቆመው ሰውዬ አለው» አለች። የመክፈያው ገጽ ላይ ደርሼ፣ ኢሜይሌን ሰጥቼ፣ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁት። እሷን ለማስደሰት ብቻ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመጣ ኢሜይል ገብቷል። «አንድ ነገር ረስተው ሄደዋል! ተመልሰው ይምጡ፤ ቅናሽ አድርገንልዎታል» ይላል። እማዬ፣ ጮህኩ! ጎማ ጠጋኙ ሰው የተጎዳ መስሎት እየሮጠ መጣ። አጎቴ ኢሜይሉን ጮክ ብለው አነበቡት፣ ከዚያ በልባቸው አነበቡት፣ ከዚያ መነጽር ቀይረው አነበቡት። አባዬ እጁን እየጠረገ ተነሳ፤ «ቶሎ ክፈዪ፣ ሳይቀይር!» አለ። አያቴ ክሯን እንኳ አላስቀመጠችም። «ቁጭ በሉ» አለች። «ባንድ ጥሪ የሚመለስ ገዢ አይደለም፣ ዘመድ ነው።» እንግዲህ አስቢው፤ አንድ ሊቀመንበር፣ አንድ ባለሙያ ጫማ ሠሪና አንድ የኮምፒውተር አዋቂ፣ ሦስታችንም አንዲት አሮጊት ፊት ቆመን እየለመንን። ዕድሉ ቢያመልጠንስ? የአባዬ ፊት አመድ መሰለ። እሷ እቴ! ቀኑ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። አባዬ ለመኪናዋ ከመጣ ገዢ ጋር በር ላይ ቆሞ ሲነጋገር አየሁና አያቴን ተቆጣኋት። እሷም «ሰውዬው ነገ ይምጣ በዪው» ብቻ አለች።

ኢሜይሉ ሰውዬውን ቀደመው። «የመጨረሻ ጥሪ» ይላል፤ ግማሽ ዋጋ፣ ያውም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለሁለት፣ አጭር አድራሻው በነጻ ተመርቆ! የጉንዳን እግሩን ፊደል ሁለቴ አነበብኩት፤ ምንም ተንኮል የለም። አያቴን አየኋት። «አሁን ክፈዪው፤ ልጅየው ደክሞታል» አለች። ከፈልን። ለስፌት መኪናዋ የመጣው ሰው ባዶ እጁን ተመለሰ። ራሱ እንዳይቆርጥ አጠፋሁት፤ የሚያልቅበትን ቀንም አባዬ የእግር ቅርጽ እንጨቶቹን፣ ፎርማዎቹን፣ የሚሰቅልበት ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፍኩት፤ ያን ጊዜ ደግሞ አያቴን እናስጠጋታለን። ሮቦቱ ከአሁኑ ይጸልይ።

ገጹን በሁለት ቀን ጨረስኩት። አባዬ ፊቴን ፎቶ አልነሣም ስላለ እጆቹን አነሣኋቸው፤ ፊቱን ከማየት አይሻልም ትያለሽ? አጎቴ በክራባት የተነሡትን ፎቶ ከረጅም ንግግር ጋር አመጡልኝ። ቦታ ሞልቷል ብዬ ዋሸኋቸው፤ ኋላ አሳዘኑኝና «ስልክ የሚያነሱት» ብዬ ከታች አስገባኋቸው። አሁን «የውጭ ግንኙነት ኃላፊ ነኝ» እያሉ ነው። ደንበኛው የኮፒ ወረቀት ላይ እግሩን ይሥላል፣ አራቱም ማዕዘን እንዲታይ ፎቶ ያነሣል፣ ይልካል፤ የወረቀቱ መጠን ስለሚታወቅ አባዬ ከዚያ ይለካል። የመጀመሪያዋ የእኔ እኩያ ልጅ ናት፤ አንድ እግሯ ያጥራል። «ቀይ ይሁንልኝ፣ ሰው የሶሉን ውፍረት ሳይሆን ቀለሙን እንዲያይ» ብላ ጻፈች። አባዬ ሠራላት። ተጫምታው ስትሽከረከር ቪዲዮ ላከች፤ ያንን ገጹ ላይ ካስቀመጥኩት ወዲህ የሚመጣውን እግር አትጠይቂኝ! ትልቅና ትንሽ፣ ጠማማና ቀጥ ያለ፣ ግድግዳው በእግር ተሞልቷል። ሁለተኛዋ የስፌት መኪና መሸፈኛዋን ጥላ ቀን ሙሉ ትጮኻለች፤ የድሮው ሰፊያችን ተመልሶ ተቀምጦባታል። ትናንት አባዬ ያለውን ትእዛዝ ሁሉ አስልቶ ጨረሰና፣ እጁን ሳይታጠብ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «ጻፊላት» አለኝ። «እንዳትፈርም።»

ይኸው ጻፍኩ። እንዳትፈርሚ!

አያቴ «ምራቴ ትምጣ፣ የማጣላው ሰው አጣሁ» ትልሻለች፤ ሮቦቱ ቶሎ ስለሚሸነፍላት አልጣማትም። አጎቴ በውጭ ግንኙነት ኃላፊነታቸው የከበረ ሰላምታቸውን ያቀርባሉ፤ ንግግራቸውን አብሬ እንድልከው ሰጥተውኝ ነበር፣ ለአንቺ ስል ተውኩት። ትንሹ ወንድሜ የወለቀ ጥርሱን ይልክልሻል፤ ፖስታው ጥግ ላይ እየተንቀጫቀጨ ያለው እሱ ነው። አባዬ ሰላምታ የለውም፤ ያለው ጥያቄ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን የእግርሽን ፎርማ አውርዶ አየውና «ይሄን ያህል ዓመት የቆመ እግር ይለወጣል፤ እንደ ሰው ሁሉ በወረቀት ሥላ በገጹ ትላክ» አለ። ስለዚህ ላኪ። ቅጹ መጨረሻ ላይ «ጫማዎን እንዴት ይረከባሉ?» የሚል ጥያቄ ታገኛለሽ። ለሌላው ደንበኛ ሁለት ምርጫ አለው፤ በፖስታ፣ ወይም ራሴ መጥቼ። አንቺ ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር በወረቀት ጽፌ በላክሁልሽ ልዩ አድራሻ ነው የምትገቢው፤ እዚያ ላይ በፖስታ የሚለውን አጥፍቼዋለሁ።

መርፌሽ

ከጓሮው ሱቅ፣ ከጎማ ጠጋኙ ፊት ለፊት
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰኔ መግቢያ