ከአዲስ አበባ እስከ ሪያድ አራት ጣት

ለ«ሩቅ ዘመድ» የውጭ አገር ሥራ አገናኝ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ለተከበሩ አቶ ዓለምብርሃን
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ የዋግ ደሃናው ገበሬ ቅጣው፣ ገብሱ ቢያጥርም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ይልቁንም ልጄ በሄደች ማግስት ከተመዘገብሁበት የማታ ትምህርት፣ ከሠላሳ አራት ጎልማሶች አንደኛ ወጥቼ ስለጨረስሁ፣ ከእንግዲህ በደላላ አፍ ሳይሆን በራሴ እጅ እንደማስቸግርዎ በአክብሮት አሳውቃለሁ።

፩ኛ. ልጄን ባንቺን ለቤት ሠራተኝነት ሪያድ ሲወስዱልኝ፣ ሰቆጣ ድረስ መጥተው «በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ናት፤ ከወልድያ ትቀርብሃለች» ብለው ስላጽናኑኝ አመሰግናለሁ። እዚያ አገር የአንገት ክር አይወደድም ብለው ማተቧን ስላስፈቷትም አመሰግናለሁ፤ ክሩ እኔ ዘንድ ባይቀር በምን እለካ ነበር?

፪ኛ. መምህራችን ወይዘሪት ፀደይ የዓለምን ካርታ ሰቅላ ርቀት መለካት ስታስተምረን፣ የባንቺን ማተብ ከኪሴ አወጣሁ። መጀመሪያ እንደለመድሁት ክሩን በየተራራው ጥግ፣ በየወንዙ መሻገሪያ ሳዞረው፣ ክፍሉ ሁሉ «ቅጣው አውሮፕላኑን በአህያ መንገድ ሊነዳው ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ቀጥ አድርጌ ብዘረጋው አራት ጣት ሆነ፤ አንዱ ጣት አምስት መቶ፣ በጠቅላላው ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር። ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ክቡርነትዎ አልዋሹም፤ እጅ ነሥቻለሁ።

፫ኛ. ችግሩ የመጣው ከልጄ ነው። በሄደች በሳምንቷ ደውላ «አባዬ፣ አውሮፕላኑ አንዴ ከተነሣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ አላረፈም። እዚህ ዝናቡ አያባራም። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው አለ፤ መጣ፣ ስልኩን ሊነጥቀኝ ነው» አለችና ተቋረጠ። ይኸው አምስተኛ ወሯ። ያን ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት የት እንደሚያደርስ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ ሦስት ሰዓት ሁለት ሺህ ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ስድስት ሺህ ነው፣ አሥራ ሁለት ጣት። ማተቡን አዲስ አበባ ላይ ይዤ ዙሪያውን ባዞረው፣ ጫፉ በብዙ አገር ላይ ያልፋል፤ ሪያድን ግን አይነካም። በረሃው ላይ በእርስዎ ትእዛዝ ዘንቦ ከሆነ ዋግንም አይርሱን።

፬ኛ. ማንበብ ስችል መጀመሪያ ያነበብሁት የእርስዎን ውል ነው። «የምትሄድበት አገር» ከሚለው ፊት ለፊት አንድም ፊደል የለም። ባዶው መሐል የኔ አውራ ጣት ብቻ አለ፣ በቀለም። ለገበሬ ጣት ይህን ያህል ሰፊ ቦታ ስለተዉልኝ ውለታዎ አለብኝ።

ስለዚህ ልጄ ያለችበትን ከተማ ስም በአንድ መስመር እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ። ማንበቡን ለኔ ይተዉት።

ስምዎን በጸሎቴ የማልዘለው፣ ቀድሞ በጣቴ ዛሬ በብዕሬ የፈረምሁ፣
ቅጣው ቢያዝን

ግልባጭ፦
ለልጄ ለባንቺ ቅጣው፣ አድራሻዋን ሲነግሩኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከሰቆጣ እስከ ቢሮዎ ያለውንም በዚያው ማተብ ለካሁት፤ አንድ ጣት አይሞላም። በዚያው ቀን ልጆቻቸውን የሸኙ አሥራ አንድ አባቶች ከኔ ጋር ሲማሩ ነበር፤ ሁሉም መለካት ችለዋል። ለእኛ አውሮፕላን አያስፈልገንም፤ የአህያውን መንገድ እናውቀዋለን።