ጀርመኗና አሜሪካኑ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዘጠኝ ወር ሊሞላ ነው። ካርቲየ 4 ሰፈር ያለው የመኪና ጋራዥህ አልተዘጋም፤ ይህን ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ሊዘጋ ግን ለጥቂት ነበር። ከቀብርህ በኋላ ደንበኞችህ አንድ በአንድ ጠፉ። ሴት ልጅ ሞተር ትፈታለች ብሎ ማን ይመን! እማዬም ቁልፉን አስረክበን አገራችን ድሬዳዋ እንግባ ትለኝ ጀመር። እሺ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ታዲያ ባለፈው ወር ሐጂ መጡ፣ ያው የጥንት ደንበኛህ። ሁለቱን አሮጌ መኪኖቻቸውን አስከትለዋል፦ ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደሯን ጀርመንና ባለ ስምንቱን አሜሪካን። አርጅቻለሁ፣ አንዱን ልሸጥ ነው፣ የቱን ላስቀር ብለው ጠየቁኝ። እኔን! የሰፈሩ መካኒክ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያዳምጣል። ብሳሳት ጋራዡ በዚያው አለቀለት።

የአንተን መልስ አውቀዋለሁ። ስንት ዓመት ተጨቃጨቅንበት! ጀርመኗን ስታስነሳ፣ ሞተሯ ተነሥቶ እንኳ ድምፅ እንደሌላት እንድንሰማ ሁላችንንም ዝም ታሰኘን ነበር። አሜሪካኑንማ የወፍጮ ሞተር ነው ትለዋለህ። እኔ ደግሞ ጉርምርምታው ደስ ይለኛል። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ካንዴላ መፍታት ያስተማርከኝም በእሱ ነው።

ቢሆንም በፍቅር አልፈረድኩም። መጀመሪያ ሁለቱንም መኪኖች ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የአርታን ዳገት አወጣኋቸው። ጀርመኗ ዳገቱን ሜዳ አደረገችው፤ አሜሪካኑ ጉልበት ባያንሰውም ኩርባው ላይ እንደ ጀልባ ተወዛወዘ። እዚህ ላይ እውነትህን ነበር።

ከዚያ በኋላ በጠራራው ሰባት ሰዓት፣ ጫት ገብቶ መንገዱ ሁሉ በመኪና በሚዘጋበት ሰዓት፣ አንዱን በአንድ ቀን ሌላውን በማግስቱ ኤሲያቸውን ከፍቼ ጭንቅንቁ መሃል አቆምኳቸው። ይህን አንተ አድርገኸው አታውቅም። ለጀርመኗ ስለምትሳሳላት ሁልጊዜ በማለዳ ነበር የምትነዳት። ራዲያተሯንም ማራገቢያዋንም አይቼ ነበር፣ ደህና ናቸው። ግን ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሙቀት ቀስቷ ቀዩ ጋ ደረሰ። አሜሪካኑ ከነኤሲው ግማሽ ሰዓት ቆሞ ቀስቱ ንቅንቅ አላለም።

ለሐጂ ቁርጡን ነገርኳቸው። ለሩጫ ከሆነ ጀርመኗ፣ ከቤት መስጊድ ከመስጊድ ገበያ ለሚል ሰው ግን አሜሪካኑ ይሻላል አልኩ። አባቴ ቢኖር ይከራከረኝ ነበር ብዬም አልደበቅኩም። ሐጂ ሳቁ። አባትሽም ፊቴን አይቶ ዋሽቶኝ አያውቅም አሉኝ። የአሜሪካኑን ቁልፍ ሰርቪስ አድርጊልኝ ብለው እጄ ላይ አስቀምጠው፣ በር ላይ ለቆሙት የአባቷ ልጅ ናት ብለው ሄዱ። አባዬ፣ በዚያች ሰዓት እንዴት እንደኮራሁብህ!

አሁን ግቢው የሚመጣውን መኪና ሁሉ አይችልም። እማዬም ድሬዳዋን አታነሳም።

ኮፈን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ የሞተሩን ሙቀት በእጄ ጀርባ ነክቼ አያለሁ፣ እንዳሳየኸኝ። እጄ እስኪደክም ድረስ አብረን ነን። ይህን ብትሰማ ሦስት ቀን ታኮርፈኝ ነበር፤ በአራተኛው ቀን ሰፈሩን ዞረህ ልጄ ረታችኝ እያልክ ታወራለህ፣ አውቅሃለሁ።

ተረትተሃል አባዬ። እንኳን ደስ ያለህ።