የተገለበጠ ፍቺ

ጥቅምት ፪
ለእኔው ለራሴ፤ ሠላሳ ዓመት የባዕድ ቃል እየፈታሁ ለኖርሁት። የምጽፍበትም ምክንያት ይኸው ነው፦ በዚህ ቤት የሚሰማ ሰው የለም፤ ያልተነገረ ነገር ደግሞ በሆድ ይሻግታል።
ዛሬ የተለየ ነገር የለም። ለማዘጋጀው መዝገበ ቃላት በ«ኮን» የሚጀምሩትን የእንግሊዝኛ ቃላት ፈትቼ ጨርሼ ለማተሚያ ቤቱ ላክሁ። የግራ ዓይኔ ከሰዓት በኋላ ፊደሉን እያደራረበ አስቸገረኝ... መነጽሩ ቆሽሾ ይሆናል።

ጥቅምት ፭
የማተሚያ ቤቱ አራሚ አንዱን ገጽ በቀይ አስምራ መለሰችው። «ኮንሰልት» የሚለውን «መከረ» ብዬ ፈትቼ፣ «አባት ልጁን መከረ» የሚል ምሳሌ ሰጥቼ ኖሯል። ኅዳጉ ላይ፦ «ጋሼ፣ ፍቺው ተገልብጧል፤ «አማከረ» ነው። ጠያቂው መካሪ ሆኖ ቁጭ ብሏል።»
የትናንት ልጅ። እኔን። ደወልሁላትና አባቷ ሳይወለድ እኔ መጽሐፍ እዘልቅ እንደነበር ነገርኋት። በትዕግሥት ሰማች። ከዚያ፦ «አያቴም እንዲሁ ናቸው፣ ጋሼ። መንገድ ሲጠፋቸው መንገደኛውን አቁመው መንገድ ያሳዩታል።»
ስልኩን ዘጋሁ።

ጥቅምት ፮
ላሳፍራት ትልቁን መዝገበ ቃላት አወረድሁ። ቃሉ ከፈረንሳይኛ፣ ከዚያ በፊት ከላቲን የመጣ ነው። የመጨረሻው ሥሩ በርግጥ አይታወቅም፤ «አብሮ መሰብሰብ፣ ጉባኤ መጥራት» ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። እንግዲያ ቃሉ ስለሚያውቅ ሰው አይደለም፤ ሰው ስለሚጠራ ሰው ነው። የእኛውስ «አማከረ» ቢሆን ያለ ሁለተኛ ሰው መቼ ይቆማል?
ልጅቱ ልክ ናት። አረምሁ። ግን እንዴት ተሳሳትሁ? ቃሉን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም...

ጥቅምት ፱
አራሚዋ ለአዲሱ ፍቺ ምሳሌ ጠየቀች። ከራሴ ሕይወት ቢሆን ይጥማል አለች። ከጧት እስከ ቀትር ተቀመጥሁ።
«ሚስቴን አማከርሁ»... ውሸት። ይህን ቤት የገዛሁ ዕለት ያሳየኋት ቁልፉን ነው። ነፍሷን ይማርና፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ብቻ ጠየቀችኝ።
«ልጄን አማከርሁ»... እርሷንማ ሳታማክረኝ የሕግ ትምህርቷን ትታ አናጺ ሆነች ብዬ ከቤት ያስወጣሁ እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሆነ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብዬ ደጃፍ ላይ ቆሜ ተረትሁባት። በማን ላይ ይሆን የተረትሁት?
የምሳሌውን ቦታ ባዶ ተውሁት።

ጥቅምት ፲፪
ዓይን ሐኪም ዘንድ ዋልሁ። የመነጽር ነገር አይደለም። ቀኙ ከልጅነቴ የደከመ ነው፤ የማነበው በግራው ነበር፣ እርሱም እየጠፋ ነው። ቀዶ ሕክምና ሊያድነው ይችላል፤ ካልተሳካ ግን ያለችውም ጭላንጭል ትሄዳለች። ይደረግ? ይቅር? ሐኪሙ አልፈረደልኝም። ቤተሰብ አማክረው ሐሙስ ይምጡ አለ። የራሴን ነገር ራሴ እወስናለሁ አልሁት። «ይወስኑ እንጂ፤ ግን አማክረው።»
በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ሆኖ ተቀምጧል። ከአጠገቤ ያለውን ባዶ ቦታ አንዲት ሴት «ሰው አለው?» አለችኝ። የለውም አልሁ።
ስንቱን መከርሁ... ስንቱን።

ጥቅምት ፲፫
ስልኩን ሦስት ጊዜ አነሣሁ። ሦስት ጊዜ አስቀመጥሁ።

ጥቅምት ፲፬
ደወልሁ። ከበስተኋላዋ መጋዝ ይጮኻል። ማን ልበል አለች። አባትሽ ነኝ አልሁ። መጋዙ ቆመ።
«ደግሞ ምን አጠፋሁ?»
ላማክርሽ ነው አልኋት። ቃሉ በአፌ ውስጥ እንደ አዲስ ጫማ ጠበበኝ። ትስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀችም። የዓይኔን ነገር ሁሉ ነገርኋት፣ ፍርሃቴንም ሳላስቀር። ማንበብ ካቆምሁ ማን እንደምሆን አላውቅም አልኋት። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ከዚያም አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ ብዬ ጠየቅሁ... ጠይቄም ዝም አልሁ። ዝም ማለቱ ከመጠየቁ ከበደኝ።
አፍንጫዋን የሳበች መሰለኝ። ከዚያ እንዲህ አለች፦
«እኔ አልወስንልዎትም፣ አባዬ። ሐሙስ መጥቼ እወስድዎታለሁ፤ ሐኪሙን አብረን እንጠይቀዋለን። እስከዚያ ግን አደራ፣ ማንንም እንዳይመክሩ።»