ጥሪ ይሁን ሽሽት

ብርዛፌ፣ እንዴት ከረምሽ?

ዛሬ ካርዱ ላይ የምታዪው ሐይቅ ዳር ዓሣ የምትጠብስልኝን ሀፊዛን የካቶሊክ ሲስተር ልሆን እያሰብኩ ነው አልኳት። ማገላበጡን ተወችው።

«እኔ ጂዳ የሄድኩት ከትዳር ሸሽቼ ነው፤ ለሰው ግን ለሥራ ነው እል ነበር። አንቺስ ወደ ጌታሽ እየሄድሽ ነው ወይስ እየሸሸሽ?»

አላውቅም ስላት፣ «አብሽሪ፣ መጀመሪያ ብዪ» ብላ ትልቁን ዓሣ አነሳችልኝ።

እኛ አገር እምድብር ሁሉም ገና ገዳም ሳልገባ «ሲስተር» ይለኛል፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ስጸልይ ጥሪው እውነት ይመስለኛል፤ ተነስቼ ስሄድ ደግሞ ትቶኝ ሌላ ያገባው ኤርሚያስ ትዝ ይለኛል።

ካርዱ ጠበበኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ለገዳሙ ኃላፊ ለሲስተር ፊሎሜና በመስከረም ትገባለች በያቸው። ወይም ቆይ፣ እስክመጣ ምንም አትበያቸው።

ክላራ