ባዶ የተውኩት የወረቀት ጀርባ

ይመሬ፣ ሆዴ፣

አሁን እንኳ እንዲህ ብዬ ልጥራህ። በሕይወት ሳለህ «ለአቶ ይመር» እያልኩ ነበር የምጽፍልህ። መርሳ መናኸሪያ በር ላይ ከተለያየን ሦስተኛው የማንጎ ወቅት ደረሰ። ያን ቀን የሽንኩርት ዘንቢሌን አንስተህ ጥላ ውስጥ አስቀመጥክልኝ፤ ከዚያ ሳትጨብጠኝ ወደ ዘመቻህ ሄድክ። ሰው ያየናል ብዬ እጄን ሻርፔ ሥር ደብቄው ነበር።

የቤቱን ነገር ልንገርህ። ጀምረኸው የሄድከውን ባለ ሁለት ክፍል ቤት እኔና እናትህ ጭቃ መረግነው። አንዲት ጎረቤት «ይቺ ደግሞ ምኑ ናት?» ብትል፣ እናትህ «ምራቴ ናት፤ ይልቅ ውኃ አቀብዪ» አሏት። ጥይት የበሳውን ቆርቆሮ በሬንጅ ደፈንኩት። ላምህ ሁለተኛ ወልዳለች። ተቋርጦ የነበረው ስልክም ከተመለሰ ቆየ፤ ሲጮህ ግን ዛሬም አንተ ትመስለኛለህ።

እኔ ፊደል የለየሁት ስኳርና በርበሬ ከሚጠቀለልበት ወረቀት እንደሆነ ታውቃለህ። አንዳንዱ የጋዜጣ ቁራጭ ነበር፣ አንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። ስልኩ በተቋረጠበት ጊዜ ደብዳቤህ ስንቅ በሚያመላልሱ ሾፌሮች እጅ ሲደርሰኝ፣ የማውቀው አጻጻፍ ያ ብቻ ነበር። «ጉዳዩ፦ ሰላምታ ስለማቅረብ» ብዬ ጀመርኩልህ።

ይህ ግን ሰበብ ነው። ማንበብም መጻፍም አትችልም ነበርና የምትለውን የሚጽፍልህ፣ የኔንም የሚያነብልህ አብሮህ የዘመተው የውርጌሳው እንድሪስ ነበር። እንድሪስ የአክስቴን ልጅ ያገባ ነው፤ ወሬ አይቋጥርም። ከግንባር ሲመለስ ለገበያው ሁሉ ይነግርብኛል ብዬ ፈራሁ። አግብታ የፈታች፣ አርባ ዓመት የሞላት ሴት የፍቅር ደብዳቤ ጻፈች ይሉኛል አልኩ። አንተ ጓደኞችህ እየሰሙ «ሆዴ፣ ናፍቀሽኛል፤ ስመለስ ኒካሕ እንሰር» ብለህ አስጻፍክ። እኔ ስለ ሽንኩርት ጻፍኩልህ። ላምህ መውለዷን፣ የማን አጥር እንደፈረሰ ጻፍኩልህ። ለኒካሑ መልስ አልሰጠሁህም። የፊቱ ገጽ ሲሞላ ጀርባውን ባዶ ትቼ አጠፍኩት።

መርዶህ ሲመጣ ከሴቶቹ ኋላ እንደ ማንኛዋም ጎረቤት ተቀመጥኩ። ድምፅ አውጥቼ አላለቀስኩም። እዚያም አፈርኩ።

ባለፈው ሰሞን እንድሪስ በክራንች እየተደገፈ መጣ። ደብዳቤዬን አንብቦ በጨረሰ ቁጥር «ጀርባውን አይተኸዋል?» ትለው እንደነበር ነገረኝ። «ባዶ ነው ወንድሜ፣ የሽንኩርት ሽታ ብቻ ነው ያለው» ሲልህ «በል እሱንም አንብብልኝ» ብለህ ምሽጉን ሁሉ አሳቅህ። ይህን ሲነግረኝ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። የመጨረሻው ደብዳቤ የደረሰህ ቀን ግን አልቀለድክም አለኝ። ወረቀቱን ከእጁ ወስደህ ራስህ ገለበጥከው፤ ባዶውን ትክ ብለህ አየኸው፤ አጥፈህ ኪስህ ከተትከው።

«ከራሴ አንድ ቃል ልጨምርለት ፈልጌ ነበር፤ ግን አንቺን ፈራሁሽ» አለኝ እንድሪስ።

እኔ እሱን ስፈራ፣ እሱ እኔን ሲፈራ፣ አንተ የልቤን ሳትሰማው ሄድክ። እናትህ «ልጄ ያውቅ ነበር» ይሉኛል። ስለሚያዝኑልኝ ይሆናል። ብታውቅማ ወረቀቱን ለምን ታገላብጥ ነበር?

የተቀበርክበትን እንድሪስ ያውቀዋል፤ ከቆቦ ወዲያ ነው፣ አንድ ግራር ሥር። ልንሄድ ተቃጥረናል። ይህን ደብዳቤ እሱ ያንብብልህ፤ የለመድከው የሱን ድምፅ ነውና። ጮክ ብሎ ያንብበው። እኔ አጠገቡ እቆማለሁ፣ ፊቴንም አልሸፍንም። ወሬውን ወደ ገበያው ይዞት ቢመለስም ይመለስ። አላህ ይዘንልህ፣ ይመሬ። ማንጎው በደረሰ ቁጥር እመጣለሁ፤ እኔ መምጣት ሲያቅተኝ ደግሞ እዚያው መርሳ ሆኜ፣ ሰው እየሰማ ስምህን እጠራለሁ።

የፊቱ ገጽ አለቀ። እንድሪስ፣ ገልብጠው።

ሆዴ፣ እኔም ናፍቀኸኛል። ኒካሑንም እሺ።